ዱንጉዛ የለበሰው የዓሣ ገንዳ

ባለፈው ሳምንት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሠፈር፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ፣ ጥግ ላይ በተቀመጠ የመስታወት ገንዳ ውስጥ አንድ ብቸኛ ዓሣ ሮዝ ቀለም የተቀባ ጠጠር ላይ ሲንቀዋለል አየሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «ሲያምር!» አለችኝ። ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታ የቆየ ልማዴ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ ዓመት አንድ ሎጅ ተቀጥሬ ነበር። የተማርኩት ስለ ዓሣ ስለሆነ ሥራ አስኪያጁ ለእንግዳ መቀበያው ያሠራውን ትልቅ ገንዳ ለእኔ ሰጠኝ። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ዓሦች ሲክሊዶች ነበሩ፤ ዘራቸው ከማላዊ ሐይቅ፣ የእኛ ቆሮሶ የሩቅ ዘመዶች። ቆፋሪዎች ናቸው። አሸዋ ጎርሰው፣ አላምጠው ይተፋሉ። ከሥራቸው የሚነጠፈው ነገር ቀኑን ሙሉ አፋቸው ውስጥ ነው።

የወደቀ ማንጎ ከየዛፉ ሥር የሚሸትበት የሙቀት ወር ነበር። ከአትክልተኛው ከጋሽ አንጁሎ ጋር ቁልፎ ወንዝ ወርደን ደቃቅ አሸዋ አመጣን። በዱቄት ወንፊት ነፋሁት፤ ውሃው እስኪጠራ አጠብኩት። ከጫሞ ሐይቅ ዳር የለቀምነውን የቀንድ አውጣ ቅርፊትም ሰባብሬ ቀላቀልኩበት። ቅርፊቱ ኖራ አለው፤ ሲክሊዶች የለመዱት ውሃም እንዲያ ያለ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ስለ ሁሉም ነገር የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ስለ አዞ ጠባይ፣ ስለ ፈረንጅ ሆድ፣ ስለ ዝናብ። ባልዲዬን አየና ሳቀ።

«ተመራቂዋ፣ ቤት ልትለስኚ ነው? እንግዳ አሸዋ ሊያይ አይመጣም። እኛ ባህል አለን!»

ባህሉ በማግስቱ በሦስት ጆንያ መጣ። ጠጠሩን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የዘይት ቀለም አስቀብቶት ነበር። እንደ ዱንጉዛ፣ እንደዚያ የጋሞ ባለመስመር ጥበብ፣ በረድፍ በረድፍ እንዲነጠፍ አዘዘ።

«ጋሼ… ዓሦቹ እኮ ይቆፍራሉ። ቀለሙም…» ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ይለምዳሉ!»

ጋሽ አንጁሎ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «ንገሪው እንጂ ልጄ! እኔ ብናገር ሂድ ሣርህን እጨድ ይለኛል። አንቺ ወረቀት አለሽ።»

አልነገርኩትም።

ዓሦቹ በገቡ በሁለተኛው ቀን ዱንጉዛው ተተረተረ። ቀዩን ጥቁሩ ላይ፣ ቢጫውን ጥግ ላይ ቆለሉት። አስኪያጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አንዱን አስተናጋጅ በየማለዳው በሾርባ ጭልፋ ረድፉን እንዲያቃና መደበው። አስተናጋጁ ያቃናል፣ ዓሦቹ ከኋላው ያፈርሳሉ፣ አስኪያጁ ቆሞ «ግራ! ግራ በኩል!» ይላል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ አእምሮ የነበራቸው ዓሦቹ ብቻ ነበሩ።

ሳምንት አልሞላቸውም። ቀለሙ እየተላጠ መጣ። ዓሦቹ ውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ሰነበቱና በየተራ በጎናቸው ተንሳፈፉ።

«ለሎጁ ባለቤቶች ሪፖርት ጻፊ» አለኝ አስኪያጁ። «የአርባ ምንጭ ሙቀት ገደላቸው በይ። ባለሙያ ነሽ፣ ያምኑሻል።»

ሞቃት ሐይቅ የፈጠራቸው ዓሦች በሙቀት ሞቱ ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ጋሽ አንጁሎ ጉድጓድ ቆፍረው ሲቀብሯቸው ቀና ብለው አላዩኝም።

ሰውዬውን እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ። ግን እሱ የሚያውቀው ቀለም ብቻ ነበር። ዓሦቹ አፍ ውስጥ ምን እንደሚገባ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ዐውቄ የዋሸሁትም እኔ። የሠፈር ሰው አሁንም ለእናቴ «ልጅሽ እንዴት ያለች ጨዋ ናት! ድምፅዋ አይሰማም» ይላታል። ያመሰገነኝ ይመስለዋል።