ከደረጃው ሥር የኖረው ይሻው

እኔ ያንን ፎቅ ወድጄው አላውቅም። የጉና ብርድ ያነሰን ይመስል መስኮቱ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ኮሪደሩ ሜዳ፣ ፊቱ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ አርማታ። በንጉሡ ጊዜ ተሠርቶ ሲያልቅ ጣሪያው ዝርግ ስለነበር፣ ባላገሩ «መንግሥት ቆርቆሮ አጥሮት ነው» እያለ ይስቅ ነበር አሉ። አብዮቱ ሲመጣ ሳቁ ቀረ፤ ምድር ቤቱ የሰው መግረፊያ ሆነ። ኋላ ደግሞ የመሬት ክርክር የሚሰማበት፣ ግብር የሚከፈልበት ቢሮ ሆነ። እኔም የሠራተኞቹን ክበብ ተጫርቼ ገባሁና ሽሮና ሻይ ስሸጥ አረጀሁ።

ያ ፎቅ ግን አንድ ሰው አድኗል። ይሻው ይባላል።

ይሻው የጉና ገበሬ ነበር። በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ሞገስ የሚባለውን ጎረቤቱን፣ ሰውዬው እርፍ እንደጨበጠ፣ በምንሽር ጠመንጃ ደረቱን መትቶ ገደለው። ታሰረ፤ ፍርዱን ጨርሶ ወጣ። የመንግሥት ፍርድ ግን የመንግሥት ነው፤ ደሙ አልታረቀም። ሽማግሌ ቢላክ የሞገስ ልጅ ካሳሁን «አባቴ በሽማግሌ አልሞተም» ብሎ መለሰ። አንድ ቀን ይሻው ለጉዳይ ከፎቃችን ገብቶ ሲወጣ፣ ካሳሁንን ከበሩ ማዶ ባሕር ዛፉ ሥር ክላሹን ታቅፎ ቆሞ አየው። ተመልሶ ገባ። በቃ፣ አልወጣም።

በራችን ላይ ፍተሻ አለ፤ መሣሪያ ይዞ የሚገባ የለም። ስለዚህ ይሻው ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረና ከደረጃው ሥር ባለችው የመጥረጊያ ክፍል መኖር ጀመረ። ልሽሽ ቢል በየመነኸሪያው የነካሳሁን ዘመድ አለ። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት ነበር። እናቱ የሞተች ጊዜ እንኳ ያለቀሰው ክበቤ ውስጥ፣ ድንች እየላጠልኝ ነው። አንጀቴን በላው።

አምና ፎቁ ይታደስ ተባለ። ቢሮዎቹ ኪራይ ቤት ገቡ። መሐንዲሱ «አጥንቱ ይቀራል፤ ግድግዳው ተንዶ መስታወት ይለብሳል» አለን። ተቋራጩ ይሻውን ዕቃ ጠባቂ አደረገው፤ እኔም ለቀን ሠራተኞቹ ምግብ እንዳበስል ቀረሁ። በመጀመሪያው ሰኞ፣ መዶሻ ከያዙት መሀል ካሳሁንን አየሁት።

ፎርማኑ ዘንድ ሮጥሁ። እንግዳ ነው፤ ነገሩ አልገባውም። «እትዬ ፍቅርተ፣ መዶሻ የሚይዝ ሁሉ ደም የለብኝም የሚል ወረቀት ያምጣ ልበል?» ብሎ ሳቀብኝ። ስንት ዓመት ክላሽ ሲፈትሹ ኖረው መዶሻውን ከፍለው አስገቡት!

ካሳሁን ይሻውን አልነካውም። በአጠገቡ ሲያልፍ አንድ ጊዜ ብቻ «ከላይ ወደ ታች ነው የምንመጣ» አለው።

መጡም። የአራተኛው ፎቅ ግድግዳ ወረደ፤ የሦስተኛው ወረደ። ካሳሁን ሲመታ ሥራ የያዘ ሰው አይመስልም፤ ብሎኬቱ ደረት ያለው ይመስል ከመሀሉ ነው የሚመታው። መዳፉ ተልጦ የመዶሻው እጀታ ደም ለብሷል። አንዱ ሠራተኛ ለቀልድ ቢጎነትለው በክርኑ አፍንጫውን ሰበረው። ከታች ይሻው በየምቱ ትከሻው ይሰበቃል፤ እህል ባቀርብለት አይወርድለትም።

«አያ ይሻው፣ ለፖሊስ ንገር» አልሁት።

«አባቱን አሳጣሁት፤ አሁን ደግሞ እሱን ላሳስር?»

«እንግዲያ ውጣና ጥፋ!»

«ፍቅርተ፣ የፈሩት ይደርሳል አይደል የሚባል? ይድረስ።»

ከሳምንታት በኋላ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ተራው የመጥረጊያ ክፍሏ ሆነ። ካሳሁን ሌሎቹን «ዞር በሉ» ብሎ ብቻውን ቆመ። ግድግዳውን ደጋግሞ መታው፤ ወደ ውስጥ ተናደ። ይሻው ውስጥ እንዳለ አላወቅሁም ነበር። ከአቧራው መሀል ይሻው በጉልበቱ እየዳኸ ወጣ። ማጅራቱ ላይ የፌሮ ብረቱ ያፈነገጠ የአርማታ ቁራጭ ተሸክሟል። በአገራችን ሰው የገደለ ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ ነው፤ ሽማግሌውና ቄሱ ከነመስቀላቸው ከፊት ይቀድማሉ። ለይሻው ማንም አልቀደመለትም። ፌሮው አንገቱን ቧጥጦት ደሙ በጆሮው ሥር ይወርዳል።

«ስለ ማርያም ማረኝ» አለ፣ በቀኝ እጁ ወለሉን ተደግፎ መሬት መሬት እያየ።

ካሳሁን መዶሻውን አነሣ። እኔ ነጠላዬን ገፍፌ መሀላቸው ወረወርሁ፤ ሴት ነጠላ ስትጥል ወንድ እጁን ይሰበስባል። እሱ ግን አላየኝም። መዶሻው ወረደ። የይሻውን ቀኝ እጅ፣ ያችን የጠመንጃውን ምላጭ የሳበችውን፣ ከሲሚንቶው ጋር አጣበቃት። የአጥንቱ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ይሻው ጮኸ እንጂ ድንጋዩን አልጣለም።

ሊደግመው ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ መዶሻው ወድቋል፤ ካሳሁን ጎንበስ ብሎ አርማታውን ከሰውዬው ማጅራት ላይ በሁለት እጁ እያነሣ ነው። ድንጋዩን ባለ ደሙ ራሱ ካነሣው ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ባጃጅ ጠርተን ወደ ሆስፒታል ሄድን፤ ይሻው መሀል፣ እኔ በነጠላዬ የጠቀለልሁትን እጅ ጭኔ ላይ ይዤ፣ ካሳሁን በዚያኛው ወገን። ከግቢው በር ስንወጣ ይሻው በልማዱ አንገቱን ቀበረ። ባሕር ዛፉ ሥር ማንም አልነበረም።

ጥቂት እንደሄድን ካሳሁን «አባቴ ሲሞት ምን አለዎት?» አለ።

«‹ይሻው፣ በሬዎቹን ፍታቸው› አለኝ።»

«ፈቷቸው?»

«አልፈታኋቸውም። ሮጥሁ።»

ካሳሁን ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። «እኔ ነኝ የፈታኋቸው» አለ። «ምሳውን ይዤ ስደርስ እንደተጠመዱ ቆመው ነበር። ቁመቴ ከቀንበሩ አልደርስ ቢለኝ ድንጋይ አንከባልዬ እሱ ላይ ወጣሁ። አባቴን ያየሁት ከፈታኋቸው በኋላ ነው።»