ራዳሩ ያላየው ዝናብ

ነገሩ የደረሰው ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ ነው። ሰው በእኔ ቃል ተማምኖ ውሃ ላይ ወጥቶ ነበር።

ባሕር ዳር ኮሌጅ ውስጥ አስተምራለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የማጠናው በጣና ዙሪያ የሚጥለውን ከባድ ዝናብ ነው። መረጃውን የማገኘው ከሐይቁ በስተምዕራብ ከተተከለ ራዳር ነው። ራዳሩ የሚልከው ሞገድ ዝናቡን ነክቶ ሲመለስ ኮምፒውተሬ ላይ በቀለም ይታያል። ቀይ ከሆነ ዶፍ ነው።

ሐጂ ሰይድ በሐይቁ ምዕራብ ዳር፣ ደልጊ የሚኖሩ ጀልባ ሠሪ ናቸው። ግቢያቸው ያስቀመጥሁትን የዝናብ መለኪያ እያዩ ልኬቱን በስልክ ይነግሩኛል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የደወሉት ግን ከሐይቁ ሰሜን ዳር፣ ከጎርጎራ ነበር። ልጃቸው ዘሃራ ጎንደር ሆስፒታል ወልዳ፣ እሷንና የአሥር ቀን ሕፃኗን በሞተር ጀልባቸው ወደ ደልጊ ሊወስዱ ነው።

"ልጄ፣ ሰማዩ አላማረኝም። ያ ራዳርሽ ምን ይላል?"

አየሁ። ከራዳሩ አጠገብ፣ የብሱ ላይ ቀይ ተከምሯል። እነሱ በሚያቋርጡት ውሃ ላይ ግን ምንም ቀለም የለም።

"ዝናቡ ሩቅ ነው፣ ሐጂ። መንገድዎ ንጹሕ ነው" አልኋቸው።

"እንግዲያው ቢስሚላህ" ብለው ዘጉ።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ ያንኑ ምስል ለጥናቴ አጎላሁት። ባዶው ቦታ ከቀዩ ኋላ ተነሥቶ እንደ ሽብልቅ ቀጥ ብሎ እየሰፋ ይሄዳል። ዝናብ እንዲህ ተቆርጦ አይቀርም። ራዳሩ ዶፉን ዘልቆ ከኋላው ያለውን ማየት አቅቶት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ የማስተምረው እኔው ነኝ።

ደወልሁ። ስልካቸው አይሠራም። አሥር ጊዜ ደወልሁ። ጎርጎራ ሌላ የማውቀው ሰው የለኝም። ባሕር ዳር ፀሐይ ነው፤ ተማሪዎች በመስኮቴ ሥር እየሳቁ ያልፋሉ። በየጥቂት ደቂቃው አዲስ ምስል ይመጣል። የፊተኛው ዶፍ እየሳሳ ሲሄድ ከኋላው የተሸፈነው ተገለጠ። እሱም ቀይ ነበር፤ ልክ መንገዳቸው ላይ። እመቤቴን ስለምን ቆየሁ።

ሊመሽ ሲል ደወሉ።

"ደኅና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።" ድምፃቸው ተዘግቷል። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ውሃው መሐል ይዟቸው ሞተሩ ጠፋ። ዘሃራ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ በአንድ እጇ በጆግ ከጀልባው ውሃ እየቀዳች ስትደፋ ነበር። በመጨረሻ ነፋሱ ገፍቶ ዳር የበቀለው ደንገል ውስጥ ከተታቸው።

"ሐጂ፣ ይሂዱ ያልሁዎት እኔ ነኝ" አልሁ እያለቀስሁ። "ራዳሩ ያን ቦታ አላየውም ነበር። ማወቅ ነበረብኝ።"

"እኔም ዓይኔ ያየውን ትቼ አንቺን ሰማሁ። ሁለታችንም አጠፋን" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ደልጊ ሄጄ ዘሃራን ይቅርታ ጠየቅኋት። ሕፃኑን አንሥታ አስታቀፈችኝ። ክብደቱ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ሳይ እንደገና ፈራሁ።

ጥናቴን አልተውሁም። አሁን ግን ከዶፍ ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ያልታየ ለማለት ግራጫ እቀባዋለሁ፤ ሰው ሲጠይቀኝም "ዝናብ የለም" ለማለት አልቸኩልም። ሐጂ ዛሬም ልኬቱን ይነግሩኛል። ስለ መንገድ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። ባለመጠየቃቸው እፎይ እላለሁ፤ ደግሞም ያመኛል።