ጾም ያልያዘው ኮርኒስ

ልጄ ሰሞኑን ኮርኒሱን በጅብሰም ካላስቀየርኩ ብላ ይዛኛለች። «አባባ፣ ይሄ ጎርበጥባጣ ነገር እኮ አቧራ ይይዛል» ትላለች። ይያዝ። እኔስ መች አጣሁት? ፊደል ለቃቅሜ የተማርኩ ሰው ነኝና ረጅም ነገር አልጽፍም፤ ግን ኮርኒሱ ሳይወርድ ነገሩን ላስቀምጠው።

ቤታችን ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ነው። ኮርኒሱን የሠሩት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባቴ ነበሩ። አቡጀዴ ወጥረው፣ ወፍራም ኖራ በመጥረጊያ እየረጩ እንደ በግ ጠጉር አጎፈሩት። እኔ ባገባሁ በመጀመሪያው ክረምት ቆርቆሮው አፈሰሰና ከገበታው በላይ ያለው ኖራ ተላጠ። አማቴ ደግሞ ቤታችንን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ በፍልሰታ ሊመጡ ነው። ልጃቸውን ለእኔ ሲሰጡ ደስ አላላቸውም። ሚስቴ «እማዬ ካልጣማት ሁለተኛ ደጃችንን አትረግጥም» እያለች እንቅልፍ አጣች።

ያገዘኝ ቀለም ቀቢው ጎረቤቴ ሸምሱ ነው።

«አቦ፣ ኖራ በውኃ ብቻ አይዝም። ወተት ጨምርበት፣ ድንጋይ ነው የሚሆነው» አለኝ።

ጾም ስለነበር የጎረቤት ላም ወተት ጠጪ አጥቷል፤ በባልዲ አመጣን። አባቴ እንዳደረጉት በመጥረጊያ ረጨነው፤ እኛም ከጠጉር እስከ ጫማ ነጣን። አማረ። ትንሽ አይብ አይብ ይሸት ነበር እንጂ።

አማቴ ሥላሴ አስቀድሰው፣ ነጠላቸውን ዝናብ ነክቶት መጡ። ሽሮው እየተንተከተከ ቀረበ። እንፋሎቱ ሽቅብ ወጣ፣ በደንብ ያልደረቀው ኖራ ላላና ዱብ! ሽሮው ላይ። አማቴ ኖራውን ገፋ አድርገው ሊጎርሱ ጠቀለሉ። ሚስቴ እግሬን ረገጠችኝ፤ ዝም በል ማለቷ ነው። መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ!

«እማማ፣ አይጉረሱት። ወተት አለበት።»

«ምኑ ላይ?»

«ኮርኒሱ ላይ።»

ቀና ብለው ብዙ አዩት። «አንተ፣ ቤቱን አስገድፈኸው ነው?» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ሚስቴ አለቀሰች። ሲወጡ ደጃፍ ላይ ትከሻዬን ያዙኝ።

«ሌላው ቢሆን ዝም ብሎ ያበላኝ ነበር። ጾሙ ሲፈታ ዶሮ ሥሩ፣ እመጣለሁ።»

መጡ። እስኪያርፉም መምጣት አልተዉም። ሳይቀመጡ ቀና ይሉና «ዛሬስ እየጾመ ነው?» ይላሉ። ያቺን የተላጠች ቦታ ከዚያ ወዲያ ማንም እንዲነካት አልፈቀድኩም።

ትናንት ለልጄ እሺ አልኳት፤ ቤቱ የእሷም ነው። ብቻ ፍልሰታ ሊገባ ነውና፣ ሠራተኛው ሲመጣ ጅብሰሙን በምን እንደሚያቦካው መጀመሪያ እኔ እጠይቀዋለሁ።