የሊዮን ሳህኖች

እናቴ ክርና መርፌ ታስቀምጥበት የነበረውን ቆርቆሮ በከፈትኩ ቁጥር የተቃጠለ ስኳር ይሸተኛል። ሽታው ከጠፋ ስንት ዓመቱ! የሚሸተኝ የራሴው ቅናት ነው።

እህቴ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እንግሊዝ አገር ሴንት አልባንስ ከተማ ሁለታችንም ፈረንሳይኛ እንማር ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ለአሥር ቀን የሚሄድ ተማሪ ሲመርጥ እሷን ወሰደ። እኔ እኮ ነኝ የምሻለው! የፈረንሳይን ምግብ ስም በቃሌ የማነበንበው፣ የሊዮንን ካርታ ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩት እኔ! እሷማ እንቁላል መጥበስ እንኳ አትችልም። እርር ድብን አልኩ። ኤርፖርት ስንሸኛት "ምን ላምጣልሽ?" ብትለኝ "ምንም" አልኳት፣ ፊቴን አዙሬ።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። እኛ ቤት በየቀኑ ምስር ወጥ፤ ስልኬ ላይ ግን የሊዮን ሳህኖች ይመጡ ጀመር። በክሬም የሰመጠ ዶሮ፣ ስቡ የሚያብረቀርቅ ቋሊማ፣ ቀይና ነጭ ዳማ የጠረጴዛ ልብስ ላይ የቀለጠ አይብ። ከሥሩ "ይሄን እዪልኝ!" ትላለች። ልታናድደኝ ነው አልኩ።

በአራተኛው ቀን አልቻልኩም። ስልኬን ይዤ ኩሽና ገባሁና ለእናቴ አሳየኋት።

"ልጅሽ ጾሟን ገደፈች።"

እናቴ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አየች። "አሥር ቀን አቃታት?" አለችና ወደ ወጧ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ እህቴ ስትደውል፣ እናቴ እራት እየሠራች "ተኝታለች በያት" ትለኛለች። እኔም እላለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽሽም።

እህቴ ጉንጯ ጎድጉዶ፣ ሱሪዋ ሰፍቷት ተመለሰች። እናቴ ለወጉ ያህል ሳመቻት። ቤት ስንገባ ሻንጣዋን ከፍታ ይሄንን ቆርቆሮ አወጣች፤ በስኳር የተለበጠ ቀይ ለውዝ ሞልቶበታል።

"የጾም ነው እማዬ፣ ቅቤም ወተትም የለበትም፣ ጠይቄ ነው የገዛሁት። እዚያ አገር ቅቤ የሌለበት ነገር የለም! በዳቦና በሰላጣ ከረምኩልሽ" አለች እየሳቀች። ወደ እኔም ዞረች። "ፎቶዎቹን ወደድሻቸው? የጓደኞቼን ሳህን እየለመንኩ ነው ያነሳሁልሽ።"

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ማሳበቄን እስክትሞት ድረስ ለእህቴ አልነገረችብኝም። እህቴ ለውዙን መጀመሪያ ለእኔ ስትዘረጋልኝ "ጥርሴን ያመኛል" ብዬ ሳልበላ ቀረሁ።

አምና እኔም በተራዬ ሊዮን ሄድኩ። ቲኬቱን ቡክ ሳደርግ ሁዳዴ መሆኑን ልብም አላልኩ፤ መጾም ከተውኩ ቆይቻለሁ። ዳማ የጠረጴዛ ልብስ ያለበት ጠባብ ምግብ ቤት ገብቼ ስመኘው የኖርኩትን ሁሉ አዘዝኩ። ሳልቀምሰው በፊት ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ እንድትቀና ነው።

ወዲያው መለሰችልኝ።

"እሰይ የኔ እህት! የእኔንም ድርሻ ብዪልኝ።"

እንደገና ቀናሁባት። እንዲህ ያለ ልብ ከየት ታመጣዋለች? "ያኔ ለእማዬ ያሳበቅሁብሽ እኔ ነኝ" ብዬ ጻፍኩና ሳልልከው አጠፋሁት። ሹካዬን አስቀመጥኩ። ያን ቀን ሊዮን ውስጥ የበላሁት ዳቦ ብቻ ነው።