በደቻቱ አሸዋ ላይ የሞከርናት መኪና

የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ይሞላል። ዝናቡ የሚጥለው ደንገጎ ተራራ ላይ ነው፤ እኛን ፀሐይ እየጠበሰን ውሃው መንገድ ጀምሯል። ስለዚህ የአገሬው ሰው ክረምት ሲገባ በራሱ ላይ ያለውን ሰማይ አያምንም፤ ደረቁን ወንዝ ከመርገጡ በፊት ዞር ብሎ ተራራውን ያያል። እናታችን ክረምት እስኪወጣ አሸዋው ላይ እንዳንደርስ ትገዝተን ነበር። ታናሽ ወንድሜ ግን ግዝት የሚይዘው ሰው አልነበረም።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እሱ የባቡር ጥገና ቤት ሠራተኛ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነበርን። ከዚራ ሰፈር የሚኖሩ የፈረንጅ ልጆች ካርት በሚሏት፣ ከመሬት እምብዛም ከፍ በማትል ባለ ትንሽ ሞተር መኪና መሽቀዳደም ጀምረው ነበርና ወንድሜ ቅናት ያዘው። ቧንቧ በይዶ የራሱን ካርት ሠራ፤ ለብርቱካን አትክልት ውሃ ሲስብ የኖረ አሮጌ ሞተርም ጫነባት። «እነዚህን ልጆች ሳልቀድም አልሞትም» ይል ነበር። «ምን ያስሟርትሃል!» እለዋለሁ፤ ይስቃል።

ሞተሩ ግን እሺ አላለም። አሸዋው ላይ ስንሞክረው ሲነሳ ያምራል፤ ጥቂት ሄዶ ያስላል፣ ይጠፋል። ትንሽ ካረፈ ደግሞ ይነሳል። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቶ ጫፉን ያሳየኛል፣ ነጭ ነው። «ቤንዚን ርቦታል፤ ጠግቦ ቢሆን ይጠቁር ነበር» ይለኛል። ከዚያ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚያደባልቀውን ካርቡራተር ይበትንና ጠባቧን ቀዳዳ ያጸዳል። ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል እያለ የሚያጸዳው ከራሴ ላይ በሚነቅለው ፀጉር ነበር። «መላጣ ልታስቀረኝ ነው እንዴ?» እለዋለሁ፤ አይሰማም። ይገጥመዋል፤ ሞተሩም እዚያው የለመደው ቦታ ሲደርስ ይጠፋል። እውነቱን ልናገር፣ በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ከወንዙ ዳር ርቆ መሄድ አይችልማ።

ውድድሩ እሑድ ሊሆን፣ ቅዳሜ ከሰዓት እየገፋን አሸዋው ላይ አወረድናት። ከተማው ላይ ፀሐይ ነበር። ደንገጎ ግን ጠቁሯል። ከተራራው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ቀፊራ ገበያ ከመግባታቸው በፊት ሁልጊዜ ወንዙ ዳር ሸክማቸውን አውርደው ያርፋሉ። ያን ዕለት ማንም አላረፈም። ጎንበስ ብለው በሩጫ ተሻገሩ። አንዷ ሳትቆም በኦሮምኛ ጮኸችብን፦

«ሎላን ዱፋ ጂራ!»

«ጎርፍ እየመጣ ነው ትላለች፣ ሰማህ? ተነስ እንውጣ!» አልኩት።

«አቦ እትዬ፣ ተይኝ! በየቀኑ መጣ እንዳሉ ነው። አንዴ ብቻ።»

እጁን ይዤ ልጎትተው ስል የቤንዚን ማጠራቀሚያውን ክዳን ሊከፍት ጀመረ፤ ክዳኑ «ስስስ» አለ። ወንድሜ ደርቆ ቀረ። መልሶ ዘጋው፣ ሞተሩን ትንሽ አስነስቶ አጠፋና ከፈተው፤ አሁንም «ስስስ»። ያኔ በሳቅ ፈነዳ። የደቻቱ አሸዋ እንዳይገባ ብሎ የክዳኑን መተንፈሻ ቀዳዳ በከመነዳሪ ጎማ ጥርቅም አድርጎ ደፍኖት ኖሯል። ቤንዚኑ ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት ነበረበት፤ መግቢያ ሲያጣ ቤንዚኑም መውረዱን ያቆማል። ሌላ አገር ያለ ሰው ይህን አያደርገውም፤ እኛ ግን አሸዋ ስንፈራ ኖረናል። ጎማውን በምስማር በሳው። ምንም ያላጠፋውን ካርቡራተር ነበር ስንወቅስ የከረምነው።

ወንድሜ ዘሎ ተቀመጠባትና አስነሳት፤ ሞተሩ ጮኸ፣ አላቋረጠም። የሚጠፋበትን ቦታ አልፎ ሽቅብ፣ ደርሶበት ወደማያውቀው የወንዙ መታጠፊያ ገሰገሰ። እኔ ወደ ዳር ወጥቼ ቀና ብዬ ደንገጎን ፈለግሁት፤ ተራራው የለም፣ ደመና ውጦታል። ከሞተሩ ጩኸት ሌላ የሚሰማኝ ነገር አልነበረም፤ መሬቱ ግን ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ወንድሜ መታጠፊያው ጋ ዞሮ ወደ እኔ መጣ። ከኋላው ቡናማው ውሃ ግንድ እያንከባለለ በመታጠፊያው ብቅ አለ። ነጠላዬን ከላዬ ገፍፌ አውለበለብሁ፤ «ውጣ! ወደ ዳር ውጣ!» ብዬ ጮኽሁ። የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማሁትም። እሱ ግን አየኝ። ጥርሶቹ ታዩኝ። ፍጥነቱን ቀነሰ፤ አንድ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ ከፍ አደረገልኝ። በደስታ የማውለበልብለት መስሎታል።

አስከሬኑን በማግስቱ ወደ ሽንሌ በኩል፣ ወንዙ በሚሰፋበት አሸዋ ላይ አገኙት። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ፈርቶ ነበር?»

«አልፈራም፣ እየሳቀ ነበር» አልኳት።

ለማጽናናት የዋሸኋት መሰላት፤ «ተባረኪ ልጄ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።