ሻርጃ የደረሰው የአዝሙድ ዘር

ከቤት የወጣሁት በሐምሌ፣ ሲወርድ ያደረው ዝናብ ጎህ ሲቀድ ጋብ ሲል ነው። እንቅልፍ የሚባል በዐይናችን አልዞረም። እናቴ ቆሎ ስትቆላ፣ እኔ ፓስፖርቴን ከጉያዬ እያወጣሁ ሳየውና መልሼ ስከተው ነጋ። አባቴ ብቻ ጋቢያቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ ጋደም ብለው ነበር፤ መተኛታቸውን ግን እንጃ። ቤታችን ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ፣ ደብረ ወርቅን አለፍ ብሎ ነው፤ ከመኪናው መንገድ ደግሞ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። የሐምሌን ጭቃ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ጫማችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ስትሄዱ አስቡት።

ልወጣ ስል እናቴ ጮኸች። «ጥሩዬ፣ አዝሙድ ሳትይዢ! በሰው አገር ጉንፋን ቢይዝሽ ማን አለሽ? ከምድጃው በላይ ካለው ቅል ያዢ እንጂ!»

እኛ አገር ጉንፋን የያዘው ሰው ጥቁር አዝሙድ አሸት አሸት አድርጎ፣ በጨርቅ ቋጥሮ ያሸታል። ከምድጃው በላይ ደግሞ ጭስ እያገኛቸው የሚከርሙ ሁለት ቅሎች ተንጠልጥለዋል። አንደኛው ለወጥ የሚሆን አዝሙድ ነው። ሁለተኛው የዘር ነው፤ አፉ በእበት ስለሚመረግ ከሩቁ ይለያል። የተመረገውን ቅል መንካት እኛ ቤት ሰው ኪስ ውስጥ እጅ የመክተት ያህል ነው። እኔም ሌላውን ሳላይ፣ በቀረበኝ በኩል ያለውን አፉ ክፍት ሆኖ አየሁና የወጡ ነው ብዬ አወረድኩት። ትንሽ ልቀንስ ነበር ሐሳቤ። ግን የኮንትራቴ ሁለት ዓመት ብዙ መሰለኝ፤ ሁሉንም ላስቲክ ውስጥ ገለበጥኩት። ለእነሱ ከገበያ ይገዛላቸዋል ብዬ ነው።

ቀና ስል አባቴ ተነስተው ተቀምጠዋል። ላስቲኩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈት አደረጉና ተዉት። «ማርያም ትከተልሽ» ብቻ አሉኝ።

የሄድኩበትን ምክንያት ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። መሬታችን ሦስት ጥማድ አይሞላም። ጤፉ ለሆድ ነው። የሚያለብሰን፣ ማዳበሪያ የሚገዛልን፣ የታመመውን የሚያሳክምልን አዝሙዱ ነው። አዝሙድ ግን ቅንጡ ሰብል ነው፤ ቢያዘገዩት ይረግፋል፣ ቢቸኩሉበት ፍሬው ይጨማደዳል። ጤዛው ሳይነሳ አጭደን፣ እንደ ሕፃን አቅፈን ነው አውድማ የምናደርሰው። ይህን ሁሉ ሆነን ብቸና ስናወጣው ነጋዴው እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ይከትና «አቧራ አለው» ይላል። አቧራ የሌለው መሬት ካለ ያሳየን ነበር። ካቻምና ከገበያ የገዛነው ዘር አሮጌ ተቀላቅሎበት ኖሮ ሳይበቅል ቀረ። አምና አባቴ መርጡለ ማርያም ድረስ ሄደው ከዘመድ ያመጡት ዘር አምሮ በቅሎ፣ ታጭዶ ከተከመረ በኋላ ያለ ጊዜው ዝናብ ወርዶበት ሻገተ። ከዚያ ክምር መሀል አባቴ እፍኝ በእፍኝ እየለቀሙ ያተረፉት የአንድ ጥማድ ዘር ነበር፤ እሱን ነው ቅሉ ውስጥ ከትተው አፉን የመረጉት። ቤቱ የቀረው ተስፋ ያ ቅልና እኔ ነበርን። ስለዚህ እኔ ሄድኩ።

ሻርጃ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ፈታሹ ቦርሳዬን ዘርግፎ ላስቲኩን አነሳው።

«ሹ ሃዳ?» አለኝ። ምንድን ነው ማለቱ ነው።

«አዝሙድ።»

«አዝሙድ ማን ነው?»

ምን ብዬ ላስረዳው? በአፍንጫዬ አሸትቼ፣ አስነጥሼ፣ «ጉንፋን» ብዬ አሳየሁት። ሰውዬው ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ በሽታ ይዤ የገባሁ መስሎት ነው። ከዚያ ቀረብ ብሎ ላስቲኩን አሸተተና ፊቱ በራ። «ሐበት ሶዳ!» አለ፤ እነሱ ጥቁር አዝሙድን የሚጠሩበት ነው። አንዲት ወረቀት ጠቅልሎ ሁለት እፍኝ ዘገነ። «ለእናቴ ነው» አለኝ። ያገራችንን ቀረጥ ሰብሳቢ አስታወሰኝ፤ እሱ እንኳ ለእናቴ ነው ብሎ አያውቅም።

የተቀጠርኩት በጽዳት ድርጅት ነው፤ የምንኖረው ስድስት ሴቶች በአንድ ክፍል፣ አልጋ በአልጋ ላይ ተደራርበን ነው። አገር ቤት በነሐሴ ጋቢ ደርበን እሳት ዳር ስንሰበሰብ፣ እዚህ ከበር ስትወጡ የገንፎ ድስት ክዳን እንደተከፈተባችሁ ሙቀቱ ፊታችሁን ይልጠዋል። ወደ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ኤሲው አጥንት ሰርስሮ ይገባል። በሁለተኛው ሳምንት ስድስታችንም በጉንፋን ወደቅን። እኔም ባለጸጋ ነኝና ለአምስቱ አዝሙድ ቋጠርኩላቸው።

አከራያችን አቡ ሳሚር የሚባል፣ ሳል የማይለቀው ሽማግሌ ነው። ሽታው ደረጃው ድረስ ወርዶ ስለጠራው መጣ።

«ምን አቃጠላችሁ? ቤቴን ሸተተብኝ። ኪራይ እጨምራለሁ።»

«አላቃጠልንም። መድኃኒት ነው» አልኩት።

«መድኃኒት ከሆነ እኔስ?» አለና በደረቱ ሁለት ጊዜ ሳለ። በብርጭቆ ሰፍሬ ሰጠሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ብርጭቆ ይዞ ይመጣ ጀመር። ኪራዩንም ጨመረ።

በነሐሴ አጋማሽ ለእናቴ ደወልኩ። እኛ ጋ ኔትወርክ እንደ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ሁሉን ትቶ መቀበል ነው። ሰላምታው አልቆ አባቴን ጠየቅኩ።

«ሞጣ ሄደዋል» አለችኝ። «የአዝሙድ ዘር ፍለጋ።»

«የቅሉ ዘርስ?»

«ኧረ ተይኝ! ባዶ ሆኖ አገኘሁት። አባትሽ አይጥ ነው የበላው ይላሉ።»

ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳሁም፤ ግን ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ከጣራው በጠፍር የተንጠለጠለ ቅል ውስጥ ምን ዓይነት አይጥ ይገባል? እበት መርጎ የዘጋውን ምን ዓይነት አይጥ ይከፍታል? ከአልጋዬ ስር ላስቲኩን አውጥቼ መብራት ላይ ያዝኩት። የወጥ አዝሙድ ስብርባሪና ገለባ አይጠፋውም። ይሄ ግን እያንዳንዱ ፍሬ ተለቅሞ፣ ሙሉ፣ ጥቁር፣ እኩል ነው። አይጧ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። አዝሙድ በመስከረም፣ መሬቱ ሳይደርቅ ካልተዘራ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው። ሦስት ጎረቤቶቻችንም የሚዘሩትን ከአባቴ ነው የሚወስዱት። ሞጣ ገበያ ዘር ቢገኝ እንኳ የካቻምናው ዓይነት ከሆነስ? እያልኩ ወለል ስወለውል፣ እያልኩ መስታወት ሳጸዳ፣ አንድ ጊዜ አንዱን መስታወት ሦስቴ አጽድቼ አለቃዬ ሳቀብኝ።

መጀመሪያ ከአምስቱ ሴቶች ቋጠሮአቸውን መለመን ጀመርኩ። የሰጡትን መልሶ መጠየቅ እንዴት እንደሚያሳፍር ታውቃላችሁ። «ከአፍንጫችን ስር ልትወስጂብን ነው?» እያሉ እየሳቁ ሰጡኝ። የታሸውን ትቼ ደህናውን መረጥኩ። ከዚያ አቡ ሳሚር ዘንድ ሄድኩ።

«የሰጠሁህን አዝሙድ መልስልኝ» አልኩት።

«ለምን?»

«ዘር ነው። አባቴ ሊዘሩት ነው።»

ሽማግሌው ቁም ሳጥኑን ከፍቶ አንድ ትልቅ ብልቃጥ አወጣ። አዝሙዱን ፈጭቶ በማር ለውሶታል። «ይሄ ይበቅላል?» አለኝ፣ ከልቡ ነው የጠየቀኝ።  አንድ ማንኪያ አጉርሶኝ ወጣሁ።

ገዝቼ ልላክላቸው ብዬ የቅመም ሱቅም ገባሁ። እፍኝ የማይሞላ አዝሙድ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ታሽጎ ተቀምጧል። ዋጋውን በኛ ብር ሳባዛው የብቸናው ነጋዴ ለስንት እፍኝ የሚከፍለን መሰላችሁ፤ ተዉት፣ ደም ይፈላል። ሻጩ «ሐበሺ፣ ነምበር ዋን!» እያለ አውራ ጣቱን ቀሰረልኝ። አቧራ አለው አላለም። ይበቅላል ወይ ብዬ ስጠይቀው ግን «እህቴ፣ ይሄ ተቆልቶ ነው የታሸገው፤ ለመብል ነው» አለኝ።

እንግዲህ የቀረኝ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ዘር ነበር። እሱስ በሕይወት አለ? አውሮፕላን ተሳፍሯል፣ በሙቀት ተቀቅሏል፣ በኤሲ ደርቋል። አባቴ ዘር ሲጠራጠሩ አሥር ፍሬ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለው እንስራ ስር ያኖሩ ነበር። እኔ እንስራ የለኝም፤ አሥር ፍሬ በረጠበ ሶፍት ጠቅልዬ ከአልጋዬ ስር አኖርኩት። በየጠዋቱ ስራ ከመሄዴ በፊት ተንበርክኬ አያለሁ። የላይኛው አልጋ ላይ ያለችው ልጅ እጸልይ ይመስላት ነበር፤ እውነትም ሳልጸልይ አልቀረሁም። በስምንተኛው ቀን ሰባቱ ነጭ ጅራት አወጡ። ዘልዬ የአልጋውን ብረት በራሴ መታሁት።

ዘውዴ የምትባል የደብረ ወርቅ ልጅ ኮንትራቷ አልቆ በጳጉሜ ወደ አገር ቤት ልትገባ ነበር። ዘሩን በሁለት ላስቲክ ቋጥሬ፣ በላዩ ላይ ጨርቅ ሰፍቼ ሰጠኋት።

«ከወርቅ የባሰ አደረግሽው» አለችኝ።

«ወርቅ ቢጠፋ ይገዛል። ዘውድዬ፣ ስሞትልሽ፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው። በእጅሽ ያዢው።»

«ደብረ ወርቅ እንደገባሁ እደውልልሻለሁ» ብላ ሄደች።

አልደወለችም። መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሦስት ቀን መኪና አጣሁ ብላ የድምፅ መልእክት ላከች። ቀጥሎ መንገድ ተዘግቷል፣ ደጀን ላይ ቆመናል አለች። ከዚያ በኋላ ዝም። ቤት ብደውል አይጠራም። በጸጥታ ችግር የአገሩ ስልክ ሁሉ ጠፍቷል ተባለ። ከሞጣም፣ ከብቸናም፣ ከሉማሜም የመጣን ሴቶች በየዕረፍታችን ደረጃው ላይ ተቀምጠን ስልካችንን እንደ ታመመ ልጅ ጭናችን ላይ አስቀምጠን እናያለን። አንዷ ስልክ ሲጮህ ሁላችንም እንነሳለን። እነሱ የሚጨነቁት ሰው ደህና ነው ወይ ብለው ነው። እኔም ለሰው ነው የምጨነቀው፤ ግን በልቤ መስከረምን በቀን እቆጥር ነበር፤ አሥር ሆነ፣ አሥራ አምስት ሆነ፣ መስቀል አለፈ። እናትና አባቱ በሕይወት መኖራቸውን ሳያውቅ ስለ አዝሙድ የሚያስብ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው እያልኩ ራሴን እረግማለሁ። ደግሞ እመለስና አስባለሁ፤ እነሱ ያለ እሱ በምን ይኖራሉ?

በጥቅምት፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ልብስ ሳሰጣ ስልኬ ጮኸ። አባቴ ናቸው። አባቴ በራሳቸው ደውለውልኝ አያውቁም፤ ልብሱን ትቼ አነሳሁት።

«አባባ! ደህና ናችሁ? እማዬስ?»

«ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነን አልኩሽ እኮ፣ አታልቅሺ።»

«ዘሩ ደረሰ?»

«ደረሰ። ልጅቱ በእግሯ ነው ያመጣችው፣ እግሯ ቆስሎ። እናትሽ ሁለት ቀን አሳደረቻት።»

«መቼ?»

«መስቀል ባለፈ በሳምንቱ።»

ዘግይቷል። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ማናችንም አላልነውም።

«ዘሩት?»

«ዘራሁት እንጂ። ሲሶውን ለጎረቤቶቹ ሰጠሁ። የማሳውን ግማሽ ሸፈነልኝ፣ በቀረው ሽንብራ ጣልኩበት።»

«በቅሏል?»

«ብቅ ብሏል። ዝናቡ ቶሎ ሄደብን እንጂ። አንድ ካፊያ ብቻ ቢጥልልን።» ሰማዩን ቀና ብለው ሲያዩ ታየኝ።

ያን ጊዜ አላስችል አለኝ። «አባባ፣ አይጥ አይደለም። የቅሉን ዘር የወሰድኩት እኔ ነኝ። የወጡ መስሎኝ ነው።»

 

«አውቃለሁ» አሉኝ ቀስ ብለው። «አፉን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ነቀዝ ገብቶት እንደሆን ልይ ብዬ። መልሼ ሳልመርገው መሸብኝ። ስትገለብጪው ተቀምጬ አየሁሽ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ? ምነው አልነጠቁኝም?»

«ከመንገደኛ እጅ ይነጠቃል?» አሉኝ። «ደግሞም... ዘር የያዘ ሰው ለዘር ይመለሳል ብዬ ነው። ሞኝነት ነው። ወይ ዘንድሮ፣ ወይ ለከርሞ ይዛው ትመጣለች ብዬ ነበር።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

«ዘሩ ግን ብቻውን መጣ» አሉኝ።

«አባባ...»

ድምፃቸው ተቆራረጠ። «ጥሩዬ... ካፊያ... እናትሽ ትላለች...» ከዚያ ጠፋ። መልሼ ደወልኩ፣ ደግሜ ደወልኩ። ያቺ ሴትዮ ናት የምታነሳው፤ የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይቻልም ትለኛለች። እስከ ምሽት ድረስ ደወልኩ።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳቸውም። ለዘውዴ ከመስጠቴ በፊት አንድ ማንኪያ ያህል ቀንሼ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ አስቀርቻለሁ። ያን ዕለት ለምን እንዳስቀረሁት አላውቅም ነበር። ጉንፋን ሲይዘኝም አላሸተውም፣ ለአቡ ሳሚርም የለም እለዋለሁ። ሁለት ዓመት እስኪሞላ የመብቀል ኃይሉ ይቆይ ይሆን እያልኩ በየዓርቡ ፈትቼ አየዋለሁ፣ መልሼም እቋጥረዋለሁ።