መመርመሪያው ያልነገረን

ባለፈው ቅዳሜ ከቆቦ ገበያ ስመለስ ለራስ ምታቴ ክኒን ልገዛ ፋርማሲ ገባሁ። ከፊቴ የቆመች አዲስ ሙሽራ መሳይ ልጅ ግራ ቀኝ አየችና ሻሿን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ "የእርግዝና መመርመሪያ አለ?" አለች በሹክሹክታ። ወላሂ፣ ዘይነብ ትዝ አለችኝ።

ዘይነብ የወንድሜ ሚስት ናት፤ ከጎብዬ ተድራ እኛ ቤት የመጣች። እኔ ያኔ ገና ያላገባሁ ኮረዳ ነበርኩ። የማሽላው እሸት በደረሰበት ሰሞን የወር አበባዋ ቀረና መመርመሪያ ገዝተን ጓሮ ተደበቅን። ባለመድኃኒቱ "የጠዋቱ ሽንት ይሻላል፤ ውኃ ከጠጣሽበት ይቀጥናል" ስላላት በማለዳ ነበር የነከረችው። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ቀይ መስመር ብቅ አለ! ተቃቅፈን ዘለልን።

"ሐዋ፣ ሆዴ እስኪገፋ ለማንም እንዳትተነፍሺ። ዓይን አለ" አለችኝ። ያገራችን ሴት እንዲህ ናት፤ ፅንሷን ከባሏ እናት እንኳ ትደብቃለች።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን እሸት ስንጠብስ ሆዷን ባንድ ወገን ጨብጣ ቁጭ አለች። ትከሻዬንም ያመኛል፣ አለች። ፊቷ አመድ መሰለ። ከእናቴ ጋር ደግፈን በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናት።

"እርጉዝ ነሽ?" አላት ሐኪሙ።

እናቴ ቀደመቻት፤ "ኧረ ገና ናት! ምች ነው የመታት።"

ዘይነብ ዓይን ዓይኔን እያየች እንዳልናገር ራሷን ነቀነቀች። ያ ረቢ! እየሞተችም ትደብቃለች!

"እርጉዝ ናት! ሁለቱን መስመር በዓይኔ ነው ያየሁት!" ብዬ ጮህኩ።

ሐኪሙ ከወንበሩ ተነሳ። ፅንሱ ከማህፀን ውጭ ሳይሆን አይቀርም፣ ውስጥ ለውስጥ እየደማች ነው፣ አለን።

"መመርመሪያው እኮ አርግዘሻል ብሏታል!" አልኩት።

"አልዋሸም። ሽንቷ ውስጥ ያለውን የእርግዝና ሆርሞን ነው የሚያየው። ፅንሱ የት እንዳረፈ ግን አያውቅም።"

ለካ እውነት ተናግሮም ጉድ የሚሠራ ነገር አለ! አምቡላንሱ ሮቢትን፣ ጎብዬን አልፎ ወልድያ ሆስፒታል እስኪደርስ እናቴ "የኔ ልጅ፣ ከኔም ትደብቂያለሽ?" እያለች የቀዘቀዘ እጇን ታሸው ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ፅንሱ አልተረፈም፤ እሷ ግን ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ።

ይህን ሁሉ ሳስብ ልጅቱ መመርመሪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ሸጉጣ ልትወጣ ነው። ክንዷን ያዝኳት።

"ልጄ፣ ሁለት መስመር ካየሽ ደስ ይበልሽ። ግን ቤት አትቀመጪ፣ ሐኪም ይይሽ። ሆድሽን ከቆረጠሽ ወይም ደም ካየሽ ደግሞ አትደሪ፣ በዚያው ሰዓት ሂጂ!"

ደንግጣ ወደ በሩ ዞር አለች። "ኧረ ቀስ ይበሉ እትዬ፣ ሰው ይሰማል!"

"ይስማ!" አልኳት።